ዲሾቹ ወዴት ዞረዋል?

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ጥር 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጃችን ለአብርሽ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የበረሃው አየር ተስማማህ? እኛ የኮልፌ ዘመዶችህ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ምሥራቅም ዓለም ባንክ ሠፈር ቤቷ በሰላም አለች። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ አነስ ነው፤ ለንግድ ደቡብ አፍሪካ የሚመላለሰውን አነስን ታውቀዋለህ።

ከእኔ ደብዳቤ ሲመጣልህ ግር እንደሚልህ ይገባኛል። እኔ ሰርኬ የአባትህ የአጎት ልጅ ነኝ፤ እኔና አንተ በሠርግና በልቅሶ ካልሆነ ተያይተን አናውቅም። አትደንግጥ፣ የሞተ ሰው የለም። ገንዘብም አልጠይቅህም። ጓደኛህ ጋዲሳ ሱቃችሁ ውስጥ ከተገደለ ወዲህ እናትህን «ና የምትዪኝ ከሆነ ሁለተኛ አልደውልም» እንዳልካት፣ እውነትም እንዳልደወልክ ሰምቻለሁ። ብር ትልክላታለህ፤ ቃል ግን የለም። ሱቅህንም ስልክ ወደማይሠራበት በረሃ እንዳዛወርክ አነስ ነግሮናል። እኔ ና አልልህም። የራሴ ጉዳይ ነው ያለኝ።

ኢንተርኔት ካፌዬን ታስታውሳት ይሆናል፤ ከማዞሪያው ወረድ ብሎ ፎቶ ቤቱ ጎን ያለችው። ዱሮ ሰው ወረፋ ይዞ ይጠብቅባት ነበር። ዛሬ ሁሉም ኢንተርኔቱን በኪሱ ይዞ ስለሚዞር፣ ሲቪ ከሚያስጽፍና ዲቪ ከሚያስሞላ በቀር የሚገባ የለም። ኮምፒውተሮቹ በርተው ሥራ ፈተው ይውላሉ። እነሱን የሚጠግንልኝ ነገሬ የሚባል የአስኮ ልጅ አለ። አንድ ቀን መጣና «እትዬ፣ እንዲህ ከሚቀመጡ ለምን ሰማይ አያዳምጡም?» አለኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሰማይ የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ በትልቅ ዲሽ ይቀዳል። የተቀዳው በጣም ብዙ ስለሆነ ቆራርጦ ለፈቃደኛ ሰዎች በኢንተርኔት ያድለዋል። ባለቤቱ በማይሠራበት ሰዓት ኮምፒውተሩ ያቺን ቁራጭ ይመረምራል፤ ከሌላ ዓለም የሚጣራ ፍጡር ካለ ለማወቅ። ሲጨርስ ውጤቱን ይልክና ሌላ ይቀበላል። ክፍያ የለውም። በየአገሩ ስንትና ስንት ሰው ያንኑ ሥራ ተካፍሎ ይዟል። ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ እንዳለ ሳላውቅ ይህን ያህል ዘመን ኮምፒውተር ሳከራይ መኖሬ ገረመኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አንተ ያለህበት በረሃ ውስጥ ሰማይ የሚያዳምጡ ነጫጭ ዲሾች አሉ አለኝ አነስ። እንግዲህ የእኔ ኮምፒውተሮች የሚመረምሩት የአንተ ዲሾች የሰሙትን ነው ማለት ነው! እባክህ ወጣ ብለህ እያቸውና ወዴት እንደዞሩ ጻፍልኝ። እኔ እዚህ የምሠራበትን ነገር አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁትም።

አምላክ ካለህበት አይለይህ።

ዘመድህ ሰርኬ

*

ሰሜናዊ ኬፕ፣ መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰርኬ፣

እንደምን ከረሙ? ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ዲሾቹን በሱቁ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኜ በሩቁ ነው የማያቸው። ነጭ ናቸው። ወደ ላይ ዞረዋል። ሥራ ስለሚበዛ ቀርቤ አላየሁም። ስልክ እዚህ የማይሠራው ለእነሱ ሲባል ነው፤ ሞገድ ይረብሻቸዋል ይላሉ።

ለእናቴ ደህና መሆኔን ይንገሩልኝ።

አክባሪዎ አብርሃም

*

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአብርሽ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። በዓሉን ከማን ጋር እንዳሳለፍክ አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህም በአንድ መስመር ነው የምትመልስልኝ።

«ወደ ላይ ዞረዋል» ትለኛለህ? ወደ ታች የዞረ ዲሽ አይቼ አላውቅም! የእኛ ሠፈር ጣሪያ ሁሉ ላይ ዲሽ አለ፣ እሱም ወደ ላይ ነው የዞረው። እኔ የጠየቅሁህ ሰሜን ነው ደቡብ፣ ፀሐይ መውጫ ነው መግቢያ? ሁሉም አብረው ነው የሚዞሩት ወይስ እንደየፈቃዳቸው? ሲዞሩ ድምፅ አላቸው? ይህን ሁሉ ከፍርግርግ ውስጥ ማየት አይቻልም።

እኔ ደግሞ የእኔን ወገን ልንገርህ። ሰው ከኮምፒውተሩ ሲነሣ ስክሪኑ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ዘንጎች እየበቀሉ ይመጣሉ። ማሽኑ እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሲቪ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው የመጣበትን ረስቶ ቆሞ ያያል። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ፎቶ ኮፒ ሊያስደርጉ ገብተው «ሰርኬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና «ታዲያ ይሄ ዕድር ነው እኮ! ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ ማን ቀድሞ እንደሚጠቀምበት አይታወቅም» አሉ። ከነገሬ ማብራሪያ ሁሉ ይልቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እናትህ ደህና ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ብቅ ትላለች።

የጥያቄዎቼን መልስ እጠብቃለሁ። ከአንድ ገጽ ያነሰ አልቀበልም።

ሰርኬ

*

ሰሜናዊ ኬፕ፣ ሰኔ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰርኬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እዚህ ክረምት ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በረዶ ለብሶ ይታያል።

ትናንት እሑድ ስለነበረ ሱቁን በጊዜ ዘጋሁና ከመንደሩ ጀርባ ወዳለው ጉብታ ወጣሁ። ከዚያ ላይ ዲሾቹ በደንብ ይታያሉ። እንደ እኛ ሠፈር ዲሽ አይደሉም፤ አንዱ ብቻ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ይበልጣል። ስደርስ ሁሉም ወደ ፀሐይ መግቢያ ዞረው ነበር። ቁጭ ብዬ እያለሁ አንድም ሳይቀር አብረው ተንቀሳቀሱ፤ ቀስ ብለው ወደ ደቡብ ዞሩና ቆሙ። ድምፃቸው እኔ ጋ አልደረሰም። ያዘዛቸው ሰው በአካባቢው አይታይም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጥያቄዎን ለመመለስ ያየሁት ቢበቃም ብርዱን ችዬ ተቀመጥኩ። እንደገና ሲዞሩ ማየት ፈለግሁ።

ከጋዲሳ በኋላ ለሥራ ሳይሆን እንዲሁ ከሱቅ ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮምፒውተሮችዎ እስካሁን ምን አገኙ?

አክባሪዎ አብርሽ

*

ኮልፌ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአብርሽ፣

እንደምን አለህልን? ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጮክ ብዬም አነበብኩት፣ ካፌው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰማው። «አብረው ተንቀሳቀሱ» የሚለው ላይ ስደርስ ነገሬ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

ምን አገኙ ላልከው፣ ምንም። የእኔ ብቻ ሳይሆን የማንም። ሃያ ዓመት ሙሉ የዓለም ሰው ኮምፒውተሩን አዋጥቶ እስካሁን «ይኸው፣ ሰው አለ» የሚያሰኝ ነገር አልተገኘም። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን አሰብኩት። የሚልኩልኝ ቁራጭ ትንሽ ናት፤ እሷን መርምሬ «እዚህ የለም» ብዬ ስመልስ፣ ከእንግዲህ በዚያች ቁራጭ ላይ ሌላ ሰው አይደክምም። እነዚህ ሰዎች እንዲህ እያሉ ሰማዩን በጥፍራቸው እየፈተሹት ነው። ተስፋ የማይቆርጥ ሰው ድሮም ደስ ይለኛል፤ እነሱን ደግሞ አደንቃቸዋለሁ።

ግንቦትና ሰኔ ተፈትነን ነበር። መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ከዚያ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ነገር ግን ማሽኑ ብልህ ነው፣ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ደግሞ ነገሩን አክርረውታል። «የኮልፌ 18 ማዞሪያ ዕድር» የሚል ቡድን አስመዘገቡና ኮምፒውተር ያለውን አባል ሁሉ አስገቡ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ላፕቶፑን አጥፍቶ የከረመ አባል በቀሪ ይቀጣልኝ ብለው ተነሡ! «ጋሼ፣ በፈቃደኝነት ነው እኮ» ብንላቸው «ዕድርስ በፈቃደኝነት አይደለም እንዴ? ከገቡ በኋላ ግን መቅረት የለም» አሉ። በስንት ልመና ነው የተዉት።

እናትህም የኮሌጅ ላፕቶፕህን ይዛ መጣች። ቁም ሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣው ኖሯል። ነገሬ ፋኑን ቀይሮ አስነሣው። ዘገምተኛ ነው፣ ግን ይሠራል፤ መስኮቱ ሥር ነው ያለው።

አሁን ደግሞ የዲሾቹን ሠራተኞች ጠይቅልኝ። ሰዎቹ ምን ዓይነት ናቸው? ከሰማይ የመጣውን ድምፅ ከምድሩ እንዴት ይለዩታል? ከአንተ ሱቅ ዳቦ የሚገዛ አይጠፋምና።

ሰርኬ

*

ሰሜናዊ ኬፕ፣ መስከረም 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰርኬና ለዕድሩ አባላት በሙሉ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። በዜና የሰማችሁት፣ የስደተኛ ሱቅ የሚዘረፍበት ሁከት ትልልቆቹ ከተሞች ውስጥ ነው፤ እዚህ አልደረሰም። ሥጋት እንዳይገባችሁ።

እውነትዎን ነው፣ ዳቦ የሚገዛ አልጠፋም። ሊንዲዌ የምትባል መሐንዲስ አለች፤ በየሳምንቱ ትመጣለች፣ አንድም ቀን ከዋጋ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ስለ እርስዎ ነገርኳት። ስለ ጋሽ ወልደጊዮርጊስና ስለ ቅጣቱ ስነግራት ከሳቋ ብዛት ሒሳቧን ሳትከፍል ወጥታ ሄደች፤ ከመንገድ ተመልሳ ነው የከፈለችው። በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኞቿን ይዛ መጣችና እንደገና አስተረከችኝ።

በኋላ ወደ ውስጥ ወሰደችኝ። ስልክ ይጠፋል፤ የእጅ ሰዓት እንኳ ሞገድ እንዳያወጣ ይፈተሻል። የአንዱ ዲሽ ሥር ቆሜ ሽቅብ ሳየው አንገቴ ታጠፈ። ድምፁን እንዴት ትለያላችሁ ብዬ ጥያቄዎን አቀረብኩ። ዲሹ ከሚሰማው ውስጥ የሚያስቸግረው የሰው የራሱ ጫጫታ ነው አለችኝ፦ ስልክ፣ ማይክሮዌቭ፣ መኪና፣ ሳተላይት። ምድር ላይ ያለ ነገር ዲሹ ቢዞርም ባይዞርም ይሰማል። ዲሹ ከአንድ ኮከብ ላይ ዞር ሲል የሚጠፋ፣ ሲመለስ የሚመለስ ድምፅ ከተገኘ ግን ያኔ ሁሉም ከወንበሩ ይነሣል። እሷ በሥራ ዘመኗ አንድ ጊዜ ተነሥታለች። የጠፋ ሳተላይት ሆኖ ተገኘ። አሁንም ስትናገረው ዓይኗ ያበራል።

እነዚህ ሰዎች ይገርሙኛል፣ እትዬ። በረሃ ወርደው፣ ከቤተሰብ ርቀው፣ መልስ ላይመጣ ይችላል ብለው አምነው በየቀኑ ደስ ብሏቸው ይሠራሉ።

የሱቁን በር ቀን ቀን ክፍት ማድረግ ጀምሬአለሁ። ሰው ገብቶ ይቀመጣል። የእናቴ ጉልበት እንዴት ሆነ?

አብርሽ

*

ኮልፌ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአብርሽ፣

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝመው! የእናትህ ጉልበት በብርድ ያማታል እንጂ ትሄድበታለች። ስለ ጉልበቷ መጠየቅህን ስነግራት ወጥታ ፌርማታው ድረስ ሄዳ ተመለሰች።

ሊንዲዌን በዕድሩ ስም ሰላም በልልኝ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ የክብር አባል ትሁን ብለው አስወስነዋል። ደግሞ የዲሾቹን ፎቶ አንሥተህ እንድትልክ ታዘሃል፤ አዳራሹ ውስጥ ከመተዳደሪያ ደንቡ ጎን ሊሰቅሉት ነው። ሥሩ ላይ «ሥራችን የሚመጣበት» ብለው ሊያስጽፉበት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሊንዲዌን አንድ ነገር ጠይቃት፦ ከእነዚያ ሁሉ ዲሾች ለኮልፌ የሚልክልን የትኛው ነው?

ቶሎ ጻፍ። ሰዉ ሁሉ እየጠበቀ ነው።

ሰርኬ

*

ሰሜናዊ ኬፕ፣ ጥር 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰርኬ፣

እንደምን ከረሙ? ዝም ያልኩት አነስ ስላልመጣ አይደለም። ሁለቴ መጥቶ ሁለቴም «ገና አልጨረስኩም» ብዬ ባዶ እጁን ሸኝቼዋለሁ።

ሊንዲዌን ጠየቅኋት። በየቤቱ ባሉ ኮምፒውተሮች የሚመረመረው ከዚህ የተቀዳ አይደለም። ከአትላንቲክ ማዶ ካሉ ሌሎች ዲሾች ነው። እዚህ ያሉት ለኮልፌ አንድም ቀን ምንም ልከው አያውቁም።

ይህን ለመጻፍ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ለስብሰባ ምን ይላሉ፣ እርስዎስ በሠፈር ፊት እንዴት ያፍራሉ እያልኩ ተጨነቅሁ። ዝም ብዬ የአንዱን ፎቶ ልላክና «ይሄ ነው» ልበል ብዬም ነበር። ግን እርስዎና ያ ሁሉ ሰው የሌለውን የለም ለማለት ስትደክሙ እኔ ልዋሻችሁ አልቻልኩም።

ሌላም ነገር አለ። እውነቱን ከነገርኩዎ የሚጽፉልኝ ምክንያት የሚያልቅ መሰለኝ። ያን ፈራሁ። ጋዲሳ የሞተ ቀን እኔ ዕቃ ላመጣ ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ሰው ከቦት ደረስኩ። ከዚያ በኋላ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ ስለዚያ ቀን ነው የሚጠይቀኝ፣ ወይም አገርህ ግባ ነው የሚለኝ። ዲሽ ወዴት ዞረ ብለው የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ጥያቄዎን እየያዝኩ ነው ከቤት የወጣሁት።

ፎቶውን ልኬአለሁ። የእናንተ ባይሆኑም ያምራሉ።

አብርሽ

*

ኮልፌ፣ የካቲት 26 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብርሽ፣

መጀመሪያ ደህና ነህ? ጋዲሳን ነፍስ ይማር። እናቱን አስኮ ሄጄ ጠይቄአታለሁ፤ ሰላም ብላሃለች።

አሁን ቁጭ በል። ከአትላንቲክ ማዶ መሆኑን አውቀን ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ፖርቶ ሪኮ ተቀዳ ብሎ ይጽፋል፤ ነገሬ ፕሮግራሙን የጫነ ቀን ነው ያነበበልን። ጋሽ ወልደጊዮርጊስም ያውቃሉ። ከዕድሩ ውስጥ የማያውቅ የለም። ለአንተ ስንል ይህን ያህል ጊዜ አፋችንን ይዘናል፤ ኮልፌ ምሥጢር አይደበቅም ያለ ሰው ይምጣና ይየን!

ጥያቄዎቹ ደግሞ የእኔ አይደሉም። ዲሽ ድምፅ ይኑረው አይኑረው ለእኔ ምኔ ነው? ሁሉም የእናትህ ናቸው። ፕሮግራሙ በተጫነ ሰሞን ካፌዬ መጥታ ስክሪኑን አየች፣ ነገሬ ሲያስረዳት ሰማች። «ሰርኬ፣ የእኔ ልጅ ያለው እኮ እንዲህ ያለ ዲሽ አጠገብ ነው» አለች። ከዚያ ቆይታ «እኔ ከጻፍኩለት ና ያልኩት ይመስለዋል። አንቺ ጻፊለትና ስለ ዲሾቹ ጠይቂው። ከሱቁ ወጥቶ ሰማይ ቢያይ ይበቃኛል» አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው ለዚህ ነበር። እሷ ላፕቶፕህ አጠገብ ቁጭ ብላ ትናገራለች፣ እኔ እተይባለሁ። ቁጣውና ቀልዱ የእኔ ነው፤ ሌላው የእሷ። ደብዳቤህ ሲመጣ ለብቻዋ ወስዳ ታነበዋለች፣ እኔ ሁለተኛ ነኝ።

ይህን ዛሬ የምነግርህ ሰበቡ ስላለቀብን ነው። ዩኒቨርሲቲው ባለፈው ሰኞ መልእክት አወጣ። ከፈረንጆቹ ማርች መጨረሻ በኋላ ለሰው ኮምፒውተር ሥራ አይልክም፤ እስካሁን የተሰበሰበውን ራሳቸው ቁጭ ብለው ሊያጠኑት ነው። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ለቅሶ ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። ደንባችን የሞተን እንጂ ሥራውን ጨርሶ ያረፈን አይጨምርም ተባለና ጭብጨባ ተወሰነ። ቆመን አጨበጨብን። እኔ አለቀስኩ። ኮልፌ ተቀምጬ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር፣ የማላየውን ፈልጌአለሁ፤ ማንም ምን አገኘሽ ቢለኝ አላፍርም።

እናትህ ይህን እንድጽፍ አልፈለገችም፤ ይቆጣል ብላ ትፈራለች። እኔ ግን ጻፍኩት። ከተቆጣህ በእኔ ተቆጣ።

ሰርኬ

*

ሰሜናዊ ኬፕ፣ መጋቢት 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ?

የእትዬ ሰርኬን ደብዳቤ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ሱቅ ውስጥ ሰው ነበረ። ሊንዲዌ ምን ሆንክ ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ናት አልኳት። ሁሉንም ደብዳቤ አውጥቼ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩ። ያንቺ የትኛው እንደሆነ አሁን ይለያል።

አልተቆጣሁም።

ስልክ የሚሠራበት ከተማ ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አነስ ይህን ይዞ ነገ ይሳፈራል፤ የፊታችን ቅዳሜ ሱቁን ዘግቼ እሄዳለሁ። እትዬ ሰርኬ ጋ ሆነሽ ጠብቂኝ፣ እደውላለሁ። ስለ ጋዲሳ እነግርሻለሁ፣ ሁሉንም። ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ። ና ማለት ከፈለግሽም በይኝ።

ልጅሽ